የቀኝ ግርጌው ሥዕል

ሰልፉ ከአዳራሹ በር ተነሥቶ አውቶቡስ ማቆሚያውን አልፏል። እኔ ሰልፍ ሳይ ደሜ ይፈላል፤ ይሄኛው ግን ከሰልፍም ባሰብኝ። የሚበዛው ሰው ወገቡ ላይ ሰባት ጥቁር ሻሽ አንጠልጥሏል። የሥዕል መጽሔቱን ጀግና፣ ባለ ሰባት ጥላውን መሆናቸው ነው። ሕፃን ያቀፈች እናት ሳትቀር ለልጇ ሰባት ቁራጭ ጨርቅ አስራለታለች። ከነዚህ ውስጥ መጽሔቱን ያነበበ አምስት ሰው ቢገኝ ጆሮዬ ይቆረጥ አልኩ በሆዴ። ፊልሙን አይተዋል፣ በቃ አድናቂ ሆኑ።

ያመጣችኝ ልጄ ናት። የአድናቂዎቹን ጉባኤ ከሚያዘጋጁት አንዷ እሷ ነች፤ ከሰዓት በኋላ ዋናው መድረክ ላይ እንድናገር "የመጀመሪያው አድናቂ" ብላ ፕሮግራም ውስጥ አስገብታኛለች። ባልደረቦቿ "ሽማግሌ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል?" ቢሏት "መጽሔቱን ከአባቴ በላይ የሚያውቅ የለም" ብላ በእኔ ምላ ነው ያሳመነቻቸው።

"አባዬ፣ እንዳታሳፍረኝ" አለችኝ የክራቫቴን ቋጠሮ እያስተካከለች።

እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩት አንድ ጉድ ነበረብኝ።

መጽሔቱ ይወጣ በነበረበት ጊዜ ሦስት ጎረምሶች ነበርን። አንዱ ሊቀመንበሩ ነው፤ ማንም አልመረጠውም፣ ራሱን ሾሞ ነው። አባቱ ማተሚያ ቤት ይሠሩ ስለነበር የወረቀት መጋዘኑን አዳራሻችን አደረግነው። ሁለተኛው ቀጮ ነው፤ ዛሬ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኗል፣ ስሙ እንጂ ቅጥነቱ አብሮት አልቆየም። ሦስተኛው እኔ ነኝ። የተከረከመ ወረቀት ጥቅል ላይ እንቀመጣለን። የቀለሙ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ከግድግዳው ማዶ ማሽኑ ሲመታ ወለሉ ይነዝራል። ከየእትሙ የምናገኘው አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፤ የሊቀመንበሩ አጎት ለአንድ ከሰዓት ብቻ ያውሱናል፣ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ከሥራ ሳይወጣ መመለስ አለበት። ስለዚህ ሦስት ጭንቅላት ገጥመን አብረን እናነባለን። ሕጉ አንድ ነው፦ ሦስታችንም "ጨረስኩ" ካላልን ገጽ አይገለጥም።

ችግሩ እኔ ንባብ ላይ ቀርፋፋ ነበርኩ። ፊደሎቹ ዓይኔ ፊት ቦታ ይለዋወጣሉ። ሁለቱ ቀድመው ጨርሰው ዝም ብለው ሲጠብቁኝ ላብ ያጠምቀኛል፤ ያን ጊዜ "ጨረስኩ" እላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የባለ ሰባት ጥላውን ታሪክ ከየገጹ የቀኝ ግርጌ ሥዕል በቀር ጨረስኩት። ታሪኩ የሚጠመዘዘው ደግሞ እዚያው ላይ ነው! ማን ከዳ፣ ማን ሞተ፣ ሁሉም ቀኝ ግርጌ ነው ያለው። ያላየሁትን ከራሴ እሞላለሁ። ወደ ቤት ስንሄድ "እስቲ ተርክልን" ይሉኛል፣ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ እተርካለሁ።

ሰፈሩ ሁሉ ይስቅብን ነበር። እናቴ "ጢም አብቅለህ ሥዕል ታገላብጣለህ?" ትለኛለች። መጽሔቱን በሒሳብ ደብተር ልባስ ሸፍነን ነው መንገድ የምናቋርጠው። ቢሆንም፣ ባለቤቴ ይቅር ትበለኝና፣ ከዚያ መጋዘን የበለጠ ደስ ያለኝ ቦታ የለም። ዛሬ ተደብቀን የምናነበው ነገር ባነር ተሰቅሎለት ሳይ የሚሰማኝ ደስታ ይሁን ቅናት እንጃ።

ተራዬ ደርሶ መድረክ ላይ ወጣሁ። ከፊቴ ያለው ወንበር ሁሉ ሞልቷል። ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ደብተሩ ልባስ ነገርኳቸው፤ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ልጄ ከመጋረጃው ጎን ቆማ ፊቷ በርቷል። ሞቅ ሲለኝ ምላሴ አመለጠኝ።

"መጨረሻው ላይማ፣ ሰባተኛው ጥላ ተመልሶ መጥቶ የጀግናውን እጅ ሲይዝ ሦስታችንም አለቀስን!"

ፊት ረድፍ ላይ ያለች አንዲት ሻሽ የታጠቀች ወጣት ግራ ገብቷት እጇን አወጣች።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ጥላው አይመለስም እኮ። ጥሎት ይሄዳል። ፊልሙን ካየሁ በኋላ መጽሔቱንም ፈልጌ አንብቤዋለሁ።"

አንዳንዱ ሳቀ። ልጄን ዞር ብዬ አየኋት፤ ፊቷ አመድ መስሏል። "ረሳሁት" ብል ያልፍልኝ ነበር፤ ዕድሜዬም ይመሰክርልኛል። ግን ልጄ የማለችው በእኔ ነው። በውሸታም ምላ እንድትቀር አልፈለግሁም።

"አልረሳሁትም፤ አላነበብኩትም" አልኩ። ስለ ሕጉም፣ ስለ ቀርፋፋነቴም፣ ስለ ቀኝ ግርጌውም አንድ ሳላስቀር ዘከዘክኩት። "ጠዋት ሰልፍ ላይ ሳያችሁ 'እነዚህ ያላነበቡ' እያልኩ ሳማችሁ ነበር። ከሁላችሁ በፊት ያላነበብኩት እኔ ነኝ።"

ከኋላ አንድ ወፍራም ሰው ወንበሩን እያንቋቋ ተነሣ። ቀጮ ነው። መምጣቱን አልነገረኝም።

"እናውቅ ነበር!" ብሎ ጮኸ።

"ምኑን?"

"ሳትጨርስ ጨረስኩ እንደምትል ነዋ! ዓይንህ ገና መሐል ገጽ ላይ ተንጠልጥሎ! አንድ ቀን ላጋልጥህ ብነሣ ሊቀመንበሩ ውጭ አውጥቶ ለመነኝ። 'ተወው፤ እሱ የሚተርከው ከመጽሔቱ ይበልጣል። ካነበበው ይቀርብናል' አለኝ። ታዲያ አንብበን የጨረስነውን በየመንገዱ ለምን የምናስተርክህ መሰለህ፣ አንተ ሞኝ!"

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ግን መድረኩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ሊቀመንበሩን ከቀበርነው ሁለት ዓመት አልፏል። መቃብሩ ላይ ቆሜ እንኳ ወዳጄን እንዳታለልኩ ሸኘሁት ብዬ ጸጸት በልቶኛል። ለካ የተሸወድኩት እኔ ነኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ወጣቷ አሁንም እጇን አላወረደችም።

"ጋሼ፣ እርስዎ የፈጠሩትን ይንገሩን" አለች።

"ሌላ ተናጋሪ አለ አይደል?" አልኩ ልጄን።

"ይጠብቃል" አለችና ማይኩን አፌ አጠገብ ያዘችልኝ።

እኔም ፈጠራዬ መሆኑን ሳልደብቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የራሴን ታሪክ ተረክሁ።