ላሞቹን ረስቷቸዋል

ሲርኩ ሾርባዋን ትታ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። የፕሮግራሙ ኮድ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ማንሲኪ ቆማለች። ትንሽ ዝቅ ሲል ሄሉና፣ ከዚያ ኦሜና። ሦስቱም የአጎቷ ላሞች ናቸው።

"ኬርቱ፣ ነይ እስቲ! ላሞቼን አገኘኋቸው።"

ኬርቱ ሳህኗን እንደያዘች መጣች። በፊንላንድ ሐሙስ የአተር ሾርባ ቀን ነውና ቢሮው ሁሉ አተር ሾርባ አተር ሾርባ ይሸታል። ሁለቱ የሚሠሩት በነጻ የሚታደል የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ላይ ነው። አዲሱ እትም ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ትምህርት ሲከፈት በታምፔሬ ከተማ ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ይጫናል። እትሙ ውስጥ የሚገባ እያንዳንዱ ፕሮግራም ያለውን የአጠቃቀም ፈቃድ የምትመረምረው ሲርኩ ናት። ፈቃዱ ያልጠራውን ታስወጣለች።

ከፊቷ ያለው የቀድሞ ባልደረባዋ የኦስሞ ድርጅት ያስገባው የሕትመት ፕሮግራም ነው። ግማሹን ኮድ ለሁሉም ከፍቶ ግማሹን ማንም እንዳያየው ቆልፎታል፤ አናቱ ላይ ደግሞ ደራሲው ኦስሞ ብቻ ነው ይላል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አብረው ሲሠሩ የኮዱን ክፍሎች በአጎቷ ላሞች ስም እየሰየመች የፕሮግራሙን ልብ የጻፈችው ሲርኩ ነበረች። ማንም ይውሰደው፣ ይለውጠው፣ ከፈለገም ይሽጠው ብላ አወጣችው። ያሰረችው በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የጸሐፊዋ ስም አይፋቅ፣ በላዩ የተሠራውም አይቆለፍ። ኦስሞ አናቱ ላይ ያለውን ስሟን ፋቀና ወደ ታች ወርዶ ሳያነብ ድርጅት ከፈተበት። አንድ ጉባኤ ላይ ማን ጻፈው ተብሎ ሲጠየቅ፣ "እኔ ነኝ፤ ሲርኩማ ፒዛ ታዝዝልኝ ነበር" ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ሲርኩ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሷ ደግሞ ልትረሳም አትፈልግም።

ስልኳን አንስታ ደወለችለት።

"ኦስሞ፣ ማንሲኪ ማን ናት?"

"የላም ስም ነዋ! ምነው፣ ገጠር ልትገቢ ነው?"

"የማን ላም ናት ነው ያልኩህ። ፕሮግራምህ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆማለች።"

ኪቦርድ ሲነካካ ተሰማት።

"የአጎቴ ላም ናት" አለች። "ስሜን ስትፍቅ ላሞቹን ረሳሃቸው።"

"ሲርኩ፣ በናትሽ። ከዚህ እትም ከወጣሁ ትምህርት ቤቶቹ ይተዉኛል፤ ድርጅቱም አለቀለት። በሌላ ፈቃድ እንድጠቀምበት አንድ ፊርማ ብቻ አድርጊልኝ። እንደ ድሮው እንተባበር።"

"እንደ ድሮው ፒዛ ልዘዝልህ?"

መልሱን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

"እስከ ስምንት ሰዓት ስሜን ትመልሳለህ፣ የቆለፍከውን ሁሉ ትከፍታለህ። አለዚያ ትወጣለህ።"

"ሁሉንም? ሰው እኮ በነጻ አፍሶ ይወስደዋል!"

"አንተስ እንዴት ወሰድከው?"

ስልኩን ዘጋች። ኬርቱ ማንኪያዋን እየላሰች አየቻት።

"ሕጉ ነው ወይስ ቂምሽ?"

"ሕጉ ነው። ቂሜ ግን ደስ ብሎታል።"

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ኮዱ መጣ። ሁሉም ተከፍቷል። የመጀመሪያው መስመር ላይ የሲርኩ ስም እስከ አባቷ ቤተሰብ ስም ድረስ ተጽፏል። ሁለተኛው መስመር ላይ ኦስሞ "ይቅርታ፣ ሲርኩ" ብሎ ጨምሮበታል።

"ውይ!" አለች ኬርቱ። "በቃ፣ አሁንማ አስገቢለት።"

ሲርኩ ሁለቱን መስመሮች ደጋግማ አነበበቻቸው። ስሟን ስታይ ደስ አላት፤ በይቅርታው ግን ንድድ አለች። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አዋርዶ ፋይል ውስጥ ሹክ ማለት ምን የሚሉት ይቅርታ ነው? ኮዱን መለሰችበትና ከሥሩ ጻፈች፦

"ስሙ ይበቃል። ሁለተኛውን መስመር ራስህ አጥፋና መልሰህ ላክ። አሥራ ሁለት ደቂቃ አለህ።"

ከዚያ የቀዘቀዘ ሾርባዋን ወደ ራሷ ሳበችና ሰዓቷን እያየች ቀስ ብላ መብላት ጀመረች።