የብርድ ሜዳ ታሪክ በሁለት ገጽ

ደብዳቤው የመጣው ከሰሜን ፊንላንድ፣ ሱቪኮስኪ ከምትባል ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ የአገር ልጅ ወደ አማርኛ መልሶ ለብርድ ሜዳ ከተማ ትምህርት ቤት ላከው። የታሪክ መምህርቷ ይመኙሽ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

የሱቪኮስኪ ሰዎች ነገር አያሳምሩም። ከተማችን ትንሽ ናት፣ በብርዱ ወራት ፀሐይ ለሳምንታት አትወጣም፣ ወሬም አናበዛም ይላሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እየሸሸ የነበረ ሠራዊት ቤቱን ሁሉ አቃጠለው፤ ሕዝቡ ከስደት ሲመለስ የቆመ የጭስ ማውጫ ብቻ ጠበቀው። ቀድማ ተመልሳ ጎጆ የቀለሰችው አባቱ ያልታወቀ ልጅ የወለደች ላም አላቢ ናት። «አያቶቻችን ሰላም አይሏትም ነበር፤ ያን ብርድ ግን ያለፉት እሷ ቤት ተጠግተው ነው። ስንጽፈው እናፍራለን፤ ግን እንጽፈዋለን። እናንተም የከተማችሁን ታሪክ በሁለት ገጽ ላኩልን።»

ሁለት ገጽ ምን አላት? ብርድ ሜዳ ግን ለሁለት ገጽ ኮሚቴ አቋቋመች። ሰብሳቢው አያ ዳኛው ሆኑ፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ቃላቸው ከማኅተም ይበልጣል።

«ጻፊ» አሏት። «ብርድ ሜዳን የቆረቆሩት ንጉሥ ናቸው። ወደ ስሜን ሲወጡ ድንኳናቸውን እዚህ ተከሉ።»

«የትኛው ንጉሥ አያ?»

«ንጉሥ ንጉሥ ነው። ምነው አጠበቅሽው?»

ይመኙሽ አልጻፈችም። ከተማዋን ማን እንደቆረቆራት ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ነው የጠፋው። መንገዱ ጭቃ በነበረ ጊዜ፣ መኪና ጭቃ ይዞት በሚቆምበት ዳገት ሥር መጀመሪያ ቤት የሠሩት ሸክላ ሠሪዋ የትነበርሽ ናቸው። ድስትና እንስራ ለሾፌር ሸጡ፤ ሾፌር ሲበዛ ሻይ ቤት ተከፈተ፣ ከዚያ ገበያው ቆመ። ገበያው ሲደምቅ ሴትዮዋ «ቡዳ» ተባሉ። ከቤታቸው እህል ቀመሰ የተባለ ጎረምሳ ሚስት አያገኝም ነበር።

የትነበርሽ የይመኙሽ አያት ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ታሪክ ስታስተምር ስማቸውን አንድ ቀን አላነሳችም። ያንገበገባትም ይኸው ነው። የሩቅ አገር ሰው ነውሩን በደብዳቤ ሲልክ እሷ የገዛ አያቷን ስም ልትውጥ?

ጻፈችው።

ርዕሰ መምህሩ ልዑልቃል አንብቦ ፊቱ ጠቆረ። «ተይው ይመኙሽ። ሴት ልጅ አለሽ፤ ነገ ማን ያገባታል?»

«በዚህ የሚቀር ይቅር» አለችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ጽሑፉን ሊያጸድቅ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ይመኙሽ ቆማ አነበበች። የአያቷን ስም ጠርታ ቀጠለች።  «ቡዳ አልናቸው። ሲሞቱ ሬሳቸውን የተሸከሙት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ።»

አያ ዳኛው ከዘራቸውን ተክለው ተነሡ። «አቁሚ።»

«አላቆምም አያ። ውሸት ከሆነ አንቱው ውሸት ነው በሉኝ።»



«ውሸት አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «የጎደለ ግን አለ። በረሃቡ ጊዜ እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። ያን በጋ ያበላችኝ የትነበርሽ ናት። ሰው አይቶ እንዳይጠላኝ ብላ በጓሮ ነበር የምታስገባኝ። አድጌ ትዳር ስይዝ በደጇ ሳልፍ ፊቴን አዞርሁባት። ከአራቱ ተሸካሚም እኔ የለሁበትም።»

 የይመኙሽ አያት ይህን ለማንም ሳይነግሩ ነው የሞቱት።

«እንጀራዋን በልቷል ብለሽ ጻፊው» አሉ። «ስሜንም ከነአባቴ አድርጊው፤ ዳኛው ታከለ። ልጆቼም እዚህ ናቸው፣ ይስሙ።»

ይመኙሽ እስክሪብቶ አወጣች። ከሕዝቡ መሃል የአያ ዳኛው የበኩር ልጅ ብድግ ብሎ ከግቢው ወጣ። ሽማግሌው ዞር ብለው አላዩትም፤ ስማቸው ተጽፎ እስኪያልቅ እጇን ይመለከቱ ነበር።