የባሻ እንደሻው መሐላ

ጽጌ ጆሮዋን አላመነችም። አባቷ ባሻ እንደሻው ከመደቡ ብድግ ብለው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘርግተው፣ «መድኃኔ ዓለምን! መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ የምትል ቃል ከዚህ አፌ አትወጣም!» ብለው ማሉ። እናቷ ወይዘሮ በለጡ የያዙት ጣሳ ከእጃቸው አመለጠ። በዚህ ቤት መሐላ ሲፈርስ ማን አይቶ ያውቃል? ባሻ ከሸዋ ጦር ጋር ሐረር ከገቡ ጀምሮ የማሉት ይህን ጨምሮ ሁለቴ ብቻ ነው። የፊተኛው ጠጅ ላለመቅመስ ነበር፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰርግም በክርስትናም ውሃ ይጠጣሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጽጌ አንዲት እንግሊዛዊት ሐኪም ዘንድ ሦስት ዓመት ቁስል ስታጥብ፣ ፋሻ ስትጠቀልል ኖራ፣ እንግሊዝኛውንም እዚያው ለቃቅማለች። አሁን ሐኪሟ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓደን መሄዷ ነውና፣ «ከእኔ ጋር ነይ፤ ሁለት ዓመት የማዋለድ ሙያ ተምረሽ ትመለሻለሽ» አለቻት። ልጅቱ በደስታ የምትሆነውን አጣች። አባቷ ግን ያን መንገድ ስሙን መስማት አይወዱም። ታላቅ ወንድሟ ሀብተወልድ ከሰባት ዓመት በፊት በዚያው ወደ ባሕር እንደወረደ ድምጥማጡ ጠፍቷል። ከተማው መውጫ ሸዋ በር ላይ ቆመው፣ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ብለው የሸኙት ደግሞ ባሻ ራሳቸው ነበሩ።

«መሄዱን ሂጂ፤ እግርሽን አላስርም» አሏት። «ምርቃት ግን ከእኔ አትጠብቂ።»

ይሄ ከመከልከል አይብስም ትላላችሁ? አባት በሕይወት እያለ ሳይመረቅ የሚወጣ ልጅ ምን ተብሎ ይወራበታል? ጽጌ አስባ አስባ ለእናቷ ቁርጡን ነገረቻቸው። «ካልመረቁኝ ከሸዋ በር አንዲት እርምጃ አላልፍም። ሻንጣዬን ይዤ እመለሳለሁ።»

«እንግዲህ ቀርተሻላ!» አሉ ወይዘሮ በለጡ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የአንቺም አባት እንደዚያው ናቸው።»

የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ መጥተው፣ «ንስሐ እሰጥዎታለሁ፤ መሐላውን እንፍታው» ቢሏቸው፣ ባሻ፣ «መሐላ የፍየል ገመድ ነው እንዴ የሚፈታው?» ብለው አባረሯቸው ማለት ይቀላል።

በዚህ ላይ ሌላ ጉድ መጣ። ጎረቤታቸው ለተማርያም ከገበያ ስትመለስ ጽጌን በነጠላዋ ጎትታ፣ «ኧረ አባትሽ ፈረስ መጋላ፣ ሐጂ ዐብዱሰላም ሱቅ ገብተው ምን ይዶልታሉ? ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው!» አለቻት። ሐጂ ዐብዱሰላም በወጣትነታቸው ዓደን ወደብ ሲሠሩ ኖረው የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ድሬዳዋ ባቡር ድረስ ለሚወርድ መንገደኛ በቅሎ የሚያከራዩትም እሳቸው ናቸው፤ የእሷና የሐኪሟ በቅሎዎችም ከእሳቸው ነው የተያዙት። «በቅሎዬን ሊያስቀሩብኝ ነው!» ብላ ጽጌ ወደ ፈረስ መጋላ ሮጠች።

የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። ገፋ ስታደርገው ዓይኗ ያየውን ማመን አቃታት። አባቷ የሐጂን አውራ ጣት ጭብጥ አድርገው ይዘዋል! የሐረር ነጋዴ ደግሞ ሰው እንዳይሰማው ዋጋ የሚቆራረጠው በጣት ተያይዞ እንደሆነ ሕፃን እንኳን ያውቃል። ሁለቱ ሽማግሎች ሲያዩዋት ድርቅ አሉ።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ባሻ ጮኹባት።

«ኧረ ምንም፣ ልጄ» አሉ ሐጂ ተደናግጠው። «ወላሂ በቅሎሽ አለች። ኢንሻአላህ በቀኗ ትመጣለች። ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

ማን ያምናቸዋል? መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ተመለሰች። የገዛ አባቷ መንገዷን ሸጠዋል፤ አለመመረቁ አንሷት!

የመሄጃዋ ዕለት ማለዳ ግን በቅሎዋ ሳትቀር መጣች። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ እስከ ሸዋ በር ሸኛት። ያልመጡት ባሻ ብቻ ናቸው። መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ፣ «ነይ፣ እኔ ልመርቅሽ» ቢሏት፣ ጽጌ፣ «አባቴ በቁማቸው?» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሟ በቅሎዋ ላይ ሆና ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች። ፀሐይም ወጣ አለ። በመጨረሻ ጽጌ፣ «ሻንጣዬን አውርዱልኝ» አለች። እናቷ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

የሻንጣው ገመድ ሲፈታ ነው ሰዉ ከኋላ ገለል ገለል ማለት የጀመረው። ባሻ እንደሻው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከሐጂ ዐብዱሰላም ጋር ጎን ለጎን መጡ። ማንንም ሳያዩ ልጃቸው ፊት ቆሙና ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ጽጌ በጉልበቷ ወደቀች። መሐላቸውን ሊያፈርሱ ነው እንዴ?

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ሰር!» አሉ ባሻ፣ አንድ ጣታቸውን አጥፈው።

እንጨት ተሸክመው የሚያልፉ ሴቶች እንኳን ቆሙ። ሐኪሟ ደንግጣ፣ «ጉድ ሞርኒንግ» ብላ መለሰችላቸው። ሕዝቡ ግን የተዘረጋ እጅ አይቷልና ምን ቸገረው? «አሜን!» አለ።

«ሃው ማች ኢዝ ዘ ቲኬት?» ቲኬቱ ስንት ነው ማለታቸው ነው።

«አሜን!»

«ዌር ኢዝ ማይ ቦክስ?» ሳጥኔ የት አለ?

«አሜን! አሜን!» መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ ሳይቀሩ።

ጽጌ ፈዛ ቀረች። እንግሊዝኛውን «የወፍ ቋንቋ» እያሉ ሲያፌዙባት የኖሩት አባቷ! ሐጂ ዐብዱሰላም ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ሹክ አሏት። «አባትሽ፣ የአማርኛዋን ምርቃት መሐላዬ ዘጋብኝ፤ ደግሞም ለሀብተወልድ አልሆነችም፤ ሌላ ፈልግልኝ አሉኝ። ዓደን ሳለሁ የያዝኳት የመንገደኛ እንግሊዝኛ አሥራ አንድ ቃል ናት፤ ምርቃቷ መጨረሻ ላይ ነው። እሷን ብቻ ያጥኑ ብላቸው፣ ዳዊት ከመሀል ይቆረጣል ወይ ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ልጅ ሆኜ ቁርአን ስቀራ ዘልዬ አላውቅም። ሁሉንም አስቀራኋቸው።»

ባሻ አሥረኛዋ ላይ ደረሱ። «ዘ ሺፕ ኢዝ ሌት።» መርከቡ ዘግይቷል። «አሜን!» አለ ሰዉ።

አሥሩም ጣት ታጥፎ አልቋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን የለም። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። ሕዝቡ ምርቃቱ ያለቀ መስሎት ሊነሣሣ ሲል፣ ባሻ ጣታቸውን ሁሉ ዘርግተው፣ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ሰር!» ብለው ከመጀመሪያው ያዙት።

አሁን አሜን የሚል ጠፋ። «ምን ሆኑ? ጃጁ እንዴ?» አለች ለተማርያም። አንዱ ሳቀ፤ መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ አንገታቸውን ደፉ። ባሻ አልሰሟቸውም። ቲኬቱን ጠየቁ፣ ሳጥኑን ፈለጉ፣ መርከቡን አዘገዩ፤ እንደገናም አሥረኛዋ ጣት ላይ ቆሙ። ሁለት የተጨበጡ እጆች ሰማይ ላይ ቀሩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ያኔ ነው ጽጌ ክው ያለችው። የሐጂ አውራ ጣት! አባቷ ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ዋጋ አልነበረም የሚቆራረጡት። አሥራ አንደኛ ጣት ተበድረው ነበር።

ከተንበረከከችበት እጇን ዘርግታ አውራ ጣቷን አቀረበችላቸው። ባሻ ጎንበስ ብለው ጭብጥ አደረጉት።

«አይ ዊሽ ዩ አን ኢዚ ጆርኒ» አሉ፣ በቀስታ፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ።

ቀና ያለ መንገድ ይሁንልሽ ማለታቸው ነው። ሰዉ ምርቃቱ መቼ እንደመጣ አላወቀምና ዝም እንዳለ ነበር። አሜን ያለችው ጽጌ ብቻ ናት።