የሩሊን ድርቆሽ

ባዝራዋ ቤርታ ግንባሯን ከጋጣው ግድግዳ ጋር አጣብቃ ቆማ ነበር። የተደገፈች አትመስልም፤ ጡቡን ገፍታ ወደ ማዶ ልታልፍ የምትታገል ትመስላለች። ሩሊን የያዘችውን እንቁላል መሬት አስቀምጣ በስሟ ጠራቻት። ባዝራዋ ጆሮዋን እንኳ አላዞረችም። አፏን በሰፊው ከፍታ አዛጋች፣ ደግማ አዛጋች፣ ከዚያም ግንባሯን መልሳ ከግድግዳው አጋጠመች።

"እርጅና ነው፣" አለ ላመርት ከኋላዋ መጥቶ። "ሃያ ሁለት ዓመት ሞላት እኮ። እኔስ ብሆን ጠዋት ጠዋት ከግድግዳ ጋር አይደል የምታገለው?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትሆነው?"

"ሳምንት ቢሆናት ነው። አንቺ ደግሞ ነገር አታክብጂ፣ ጎረቤት።"

ላመርት ሚስቱ አልቸ ከሞተች ወዲህ ከሰው ይልቅ ከባዝራዋ ጋር የሚያወራ ሰው ነው። ለሩሊን አንደኛ ጎረቤቷ ነው፤ ይህም በድሬንተ አውራጃ መንደሮች ቀልድ አይደለም። ልጅ ሲወለድ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲሞት፣ ወሬው መጀመሪያ የሚነገረው ለአንደኛ ጎረቤት ነው፤ ቀድሞ የሚደርሰውም እሱ ነው። የአልቸን ዓይን የከደነችው ሩሊን ናት። የሩሊን እናት ስትሞት ደግሞ ሬሳ ሳጥኑን ከራስጌ በኩል ተሸክሞ በፊት ለፊቱ በር ያወጣው ላመርት ነው። ያ በር ከዚያን ቀን ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተከፈተም። በዚያ አገር ሰው የሚገባውም የሚወጣውም በጓሮ በር፣ በወጥ ቤት በኩል ነው። የፊት ለፊቱ በር የሙሽራና የሬሳ ነው።

ላመርት ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ ሩሊን ግርግሙ ውስጥ እጇን ሰደደች። ድርቆሹ የራሷ ነው። ማገጡን፣ የዱር ካሮቱን፣ ጦስኙን በጣቷ ለየች። ከዚያ አንድ ጠንካራ፣ ሸንተረር ያለው አገዳ እጇ ገባ። ጫፉ ላይ የደረቀ ቢጫ አበባ አለ። ለማንም ልታሳየው አላወጣችውም፤ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

የያዕቆብ አበባ ነው።

ከመንደሩ ጫፍ ባለው የጋራ መሬት ሩሊን ለአሥራ ሁለት ዓመት ለፍታበታለች። አገሩ ራሱ ያበቅላቸው የነበሩትን አበቦች ዘር ከየመንገዱ ዳር በእጇ ለቅማ ዘራች። በመጀመሪያው ዓመት ሰው ሳቀባት፤ በአምስተኛው ዓመት ሰው ጠፍተዋል ያላቸው ጠጉራም ትልልቅ ንቦች መጡ፤ በሰባተኛው ቢራቢሮው ሊቆጠር አልቻለም። ሕጓ አንድ ነበር፤ በበጋው መጨረሻ ማጨድና ያጨዱትን አንድ ሳር ሳያስቀሩ ማውጣት። ሳሩ እዚያው ከበሰበሰ አፈሩን ያሰባዋል፣ የሰባ አፈር ላይ ደግሞ አበባውን ሳር ይውጠዋል። የወጣው ድርቆሽ የሚገባው ከላመርት ጋጣ በላይ ካለው ቆጥ ነው። ሁለቱም ደስ ይላቸው ነበር።

የያዕቆብ አበባም የአገሩ ልጅ ነው። ያ ቢጫና ጥቁር ዥንጉርጉር አባጨጓሬ ያለ እሱ አይኖርም። ፈረስ በመስክ ላይ ሲያገኘው መራራነቱን አሽትቶ ያልፈዋል። ሲደርቅ ግን ምሬቱ ይጠፋል፣ መርዙ ይቀራል፤ ጉበትን ቀስ ብሎ፣ ወራት ወስዶ ይበላል። ይህን በዚያ መንደር የማያውቅ ሕፃን የለም። ሩሊንም በየዓመቱ ከአጨዳው በፊት አንድ በአንድ ከነሥሩ ትነቅለው ነበር።

ባለፈው በጋ ግን የአንድ አውድማ ስፋት ያለው ማዕዘን አባጨጓሬ ወሮት አገኘችው። አልጨከነችም። ዙሪያውን ገመድ አስራ ተወችው። አባጨጓሬዎቹ ጠግበው አፈር ውስጥ ሲገቡ የተጋጠው አገዳ እንደገና አቆጥቁጦ አበበ። በአጨዳው ቀን ገመዱን ራሷ ፈታች፤ ያ ለብቻው ታጭዶ ለብቻው ይወጣል ብላ። ይህን እያለች ከምዕራብ ጥቁር ደመና መጣ። ረዳቶቿ "ዝናብ! ዝናብ!" እያሉ ተሯሯጡ፣ ያገኙትን ሁሉ በአንድ ጋሪ ጫኑት። ሩሊን ቢጫው ከሌላው ሳር ስር ሲገባ በዓይኗ አይታለች። ውሸት ምን ያደርጋል፣ አይታለች። "አንድ ሸክም ነው፤ ከዚህ ሁሉ መሃል ምን አላት" ብላ ለራሷ ነገረች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ያኔ ነው።

ላመርት ባልዲውን ይዞ ተመለሰ።

"ላመርት፣ ድርቆሹን ብትቀይርላትስ?" አለችው። "እኔ እገዛልሃለሁ።"

"ለምን ተብሎ?"

"እንዲያው... ለለውጥ።"

"ወግ ነው! እኔ ሃምሳ ዓመት ድንች ስበላ ለውጥ ማን ሰጠኝ?" ሳቀ። "ያንቺን ነው የምትወደው። የምትገዢውን ለፍየሎችሽ ስጪያቸው።"

ልትነግረው የሚገባት እዚያ ላይ ነበር። አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ምክንያቱም በአሥረኛው ቀን የመንደሩ ስብሰባ አለ፤ ሃርም የሚባለው ገበሬ ሜዳው ታርሶ በቆሎ ይዘራበት ብሎ አመልክቷል። የሩሊን አበባ ፈረስ መረዘ የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት በአንድ ማታ ያልቃል። ስብሰባው ይለፍና እነግረዋለሁ አለች። አሥር ቀን ምንም አይደለም አለች። የሰው ልጅ ራሱን ሲያታልል ቁጥር ይወዳል።

አገዳውን የወጥ ቤቷ መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያዎቹ ጋር ቆለፈችበት። በማግስቱ ሁለት እስር ድርቆሽ ገዝታ ወሰደችለት፤ ላመርት አመስግኖ ተቀበለና ከበሩ ጥግ አስቀመጠው፤ በአራተኛው ቀን ስትሄድም ገመዱ ሳይፈታ እዚያው ነበር። በስድስተኛው ቀን የቤርታ ዓይን ነጩ ቢጫ መሆኑን አየች። በስምንተኛው ቀን ባዝራዋ በመስኩ ላይ ክብ እየሠራች ስትዞር ከመስኮቷ አየቻት፤ መጋረጃውን ሳበች። ማታ ማታ ላመርት ከቆጡ ድርቆሽ ሲያወርድ የመንሹ ድምፅ ይሰማታል። የፈሩት ይደርሳል እያለች ጆሮዋን ትይዛለች እንጂ ሁለት መቶ እርምጃ አልሄደችም።

በስብሰባው ማታ አዳራሹ ሞላ። ሃርም ተነሥቶ ቀበቶውን ሳብ ሳብ አደረገ።

"እኔ ከሩሊን ጋር ጠብ የለኝም፣" አለ። "ግን ያ አረም ነው። የያዕቆብ አበባ እዚያ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን ፈረስ ይገድላል፤ ያኔ ሃርም ብሏል ትላላችሁ።"

ሩሊን መልስ ልትሰጥ ተነሣች፣ ግን መልሳ ተቀመጠች። ያኔ ከኋላ ወንበር ላመርት ብድግ አለ። በሕይወቱ በስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው፤ ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል።

"የእኔ ቤርታ ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ሜዳ ድርቆሽ በቀር የበላችው የለም፣" አለ። "መርዝ ቢኖርበት ከእኔ በፊት ማን ያውቃል? ሩሊን አንደኛ ጎረቤቴ ናት። በዚያ ሳር ውስጥ ክፉ ነገር ቢኖር ቀድማ ትነግረኛለች። አንተ ሃርም፣ የራስህን በቆሎ ጠብቅ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እጅ ወጣ፤ ሠላሳ አንድ ለአሥራ አራት። ሜዳው ዳነ። ሰው ሁሉ አጨበጨበላት፣ ሩሊን ግን ማንንም ቀና ብላ ማየት አቃታት።

በማግስቱ ጠዋት መሳቢያውን ከፍታ አገዳውን አወጣች። ካፖርቷን እየለበሰች ሳለ የጓሮው በር ተከፈተ። ላመርት ነው፤ ጥቁር ኮቱን ለብሷል፣ ቆብ የለውም። ሩሊን እጇን ከጀርባዋ ደበቀች።

"አንደኛ ጎረቤቴ ነሽና መጀመሪያ ላንቺ ልነግር መጣሁ፣" አለ። "ቤርታ ሞተች።"

ሩሊን ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ሊነጋ ሲል ወደቀች። ሐኪሙ መጣና በመርፌ አሳረፋት። ጉበቷ አልቋል አለ። ቀደም ብለን ምግቧን ብንቀይር ምናልባት ትቆይ ነበር አለ።" እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ምን በላች ብሎ ወደ ቆጡ ሊወጣ ሲል፣ ድርቆሹን ተወው፣ የሩሊን ነው አልኩት።"

"ላመርት..."

"የተረፈውን ለልጄ ለያንቲና አስጫንኳት። ቅድም ነው የሄደችው። ለልጇ ፈረስ መኖ ይሆናታል፤ እንዲህ ያለ ድርቆሽ መጣል ነውር ነው።"

ሩሊን አገዳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ላመርት አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። የገበሬ ልጅ ነው፤ ሁለተኛ ማየት አላስፈለገውም።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከቤርታ ግርግም።"

"መቼ?"

ከሁሉም የፈራችው ይህን ጥያቄ ነበር። "የዛሬ አሥራ አንድ ቀን፣" አለች። "እንቁላል ያመጣሁ ቀን። ከስብሰባው በኋላ ልነግርህ ነበር። ይቅር በለኝ፣ ላመርት፤ ሜዳውን ያርሱታል ብዬ ፈርቼ ነው።"

ላመርት ግድግዳው ላይ ወዳለው ስልኳ ሄዶ የልጁን ቁጥር መታ። "ያንቲና፣ ከፈረሱ ፊት ያለውን አንሺው። አሁን! ሁሉንም አቃጥዪው። ኋላ እነግርሻለሁ።" ስልኩን ሰቀለና ወደ እሷ ዞረ።

"ትናንት ማታ፣" አለ፣ "ስቆም አይተሽኛል።"

"አይቼሃለሁ።"

አገዳውን ኮቱ ኪስ ከተተ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት የተመላለሰበትን የጓሮ በር ትቶ በጨለማው ኮሪደር ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄደ። መቀርቀሪያው ዝጓል። ሩሊን ተከትላው "በዚያ አይደለም፣ ላመርት፣ እባክህ በዚያ አትውጣብኝ" እያለች እጅጌውን ያዘችው። እጇን ቀስ ብሎ አስለቀቀ፣ ትከሻውንና ግንባሩን እንጨቱ ላይ አድርጎ ገፋ። በሦስተኛው በሩ ጮኾ ተከፈተ። ደረጃውን ወረደና ወደ ቤቱ ሄደ፤ ዞር ብሎ አላየም።

ሩሊን በሩን ልትመልሰው ሞከረች፤ ማጠፊያው ተሰብሮ አልንቀሳቀስ አላት። እንደ ተከፈተ ዋለ። በመንገዱ የሚያልፈው የመንደሩ ሰውም ያን በር ክፍት ሲያይ ይቆማል፣ ቆቡን ያወልቃል፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ዞሮ ይገባና ማን ሞተብሽ ብሎ ይጠይቃታል።