ወደ እመት አልዲት ምንጭ የሚወስደው መንገድ

ኦድሪ ፔንፎልድ ገና ከጠዋቱ ደሟ ፈልቷል። የመንደሩ አዳራሽ ማሞቂያ አልሠራ ብሏል፣ ወንበሩ አልተደረደረም፣ የታሪክ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በርናርድ ተክዌል ደግሞ ዘግይቶ፣ ያውም ብስኩት እያላመጠ ገባ።

“ዛሬ እንኳን በሰዓቱ ብትመጣ ምን ነበረበት?” አለችው።

“ውሻው አልንቀሳቀስ ብሎኝ ነው፣ ኦድሪዬ።”

እንግዲህ ዊትልኮም መንደራችን የምትኮራበት ነገር ያን ያህል የላትም። ግንቡ ያዘመመ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ዳክዬ የሞላው ኩሬ አለ፣ ከእርሻው ሜዳ ማዶ ደግሞ የእመት አልዲት ምንጭ። የመንደሩ ሕፃን ሁሉ የሚጠመቀው ከዚያ በተቀዳ ውኃ ነው። የኦድሪ እናት፣ ኦድሪ ራሷ፣ ልጆቿም እንደዚያው ናቸው። የልጅ ልጇ ተራ ደግሞ የፊታችን እሑድ ነው። ታዲያ ሃልዴን የሚባል ሰው ከለንደን መጥቶ እርሻውን ገዛና ሜዳውን የሚያቋርጠውን መንገድ በሽቦ አጥሮ ቆለፈው። “የግል ይዞታ” የሚል ሰሌዳም ሰቀለበት። ስንት መቶ ዓመት የተሄደበትን መንገድ!

ሕጉ ግልጽ ነው። ሰው ሃያ ዓመት ማንንም ሳያስፈቅድ በይፋ የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ ይሆናል። በፈቃድ የሄደበት ከሆነ ግን አለቀ፣ የባለቤቱ ነው። ኦድሪ ሦስት ዓመት ሙሉ የሠላሳ አራት ሰው ምስክርነት ሰበሰበች፣ ያረጀ ካርታ አስገለበጠች፣ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ስትንከራተት ጨጓራዋ ተላጠ። ዛሬ ጉዳዩን ሊሰሙ ከመንግሥት የተላኩት መርማሪ መጥተዋል።

“ሚስስ ፔንፎልድ፣” አሉ መርማሪዋ፣ “በመንገዱ ለመሄድ ፈቃድ ጠይቀው ያውቃሉ?”

“ፈቃድ? በገዛ መንገዴ? ኧረ ምን በወጣኝ!”

አዳራሹ ሳቀ። የሃልዴን ጠበቃ ግን አልሳቀም። ከቦርሳው አንድ እሽግ የገና ካርድ አወጣ።

“የቀድሞው ባለ እርሻ የሚስተር ጎርስ ባለቤት አስቀምጠዋቸው ነው” አለና ማንበብ ጀመረ። “‘ውድ ሚስተር ጎርስ፣ ዘንድሮም በሜዳዎ እንድናልፍ ስለፈቀዱልን ከልብ እናመሰግናለን። በርናርድ ተክዌል።’”

ኦድሪ ወደ በርናርድ ዞረች። “አንተ ሰውዬ፣ ምን ነክቶህ ነው?”

“የገና ካርድ ነው እኮ! ባዶውን ይላካል እንዴ?”

“ማን ፈቀደልህና ነው የምታመሰግነው? የእኛ መንገድ ነው!”

“ጨዋነት ነው፣ ኦድሪ።”

“ጨዋነትህ ገደል ይግባ! ሦስት ዓመት የለፋሁትን በአንድ ካርድ አፈር አበላኸው!”

“ይቅርታ፣” አለ ጠበቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ካርዶቹ አሥራ አምስት ናቸው። የሚስተር ተክዌል ይቺ አንዷ ብቻ ነች።”

ቀጣዩን ካርድ ሲያነሳ ኦድሪ ከሩቁ አወቀችው። ሰማያዊ ቀለም፣ ወደ ቀኝ የተጋደመ ፊደል። የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው። አሥራ አራት ዓመት፣ በየገናው፣ ለሐኪሙም ለወተት አመላላሹም ስትጽፍ አብራ ለጎርስም ጽፋለች፤ ምን እንደጻፈች እንኳ ልብ ሳትል። “መንገዱን ስለሚፈቅዱልን፣ ስለ ደግነትዎ” እያለ ጠበቃው አንድ በአንድ አነበበው። ፊቷ በእፍረት ነደደ። የምትቆጣው ሰው ብትፈልግ ከራሷ በቀር አጣች። በርናርድ ብስኩቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

መርማሪዋ ውሳኔው በስድስት ሳምንት ውስጥ በደብዳቤ እንደሚደርስ ተናግረው መዝገቡን ዘጉ። ሲወጡ ወደ ኦድሪ አላዩም። ደብዳቤው ምን እንደሚል ለማወቅ ስድስት ሳምንት መጠበቅ አላስፈለጋትም።

ውጪ ካፊያው ይዘንባል። ሃልዴን በር ላይ ጠብቋት ጃንጥላውን በላይዋ ዘረጋላት።

“ሚስስ ፔንፎልድ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። የልጅ ልጅዎ ጥምቀት እሑድ ነው አሉ። ይደውሉልኝ፣ መጥቼ እከፍትልዎታለሁ።”

ይህን ሰው ፊት ለፊት ስታገኘው የምትለውን ሦስት ዓመት ሙሉ ስታዘጋጅ ኖራለች። ከመኝታዋ እየተነሳች ለመስታወቷ ሳይቀር ተናግራዋለች። እጇን ጨበጠች፣ ትንፋሽ ሳበች፣ አፏን ከፈተች።

“በጣም አመሰግናለሁ፣” አለችው፣ “ደግ ሰው ነዎት።”