አናጢው ያፈላው ሻይ

የአናጢው ሚስት ማህፀኗ ላይ ዕጢ ተገኘና ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተባለ። ደሟ ግን አንሶ ስለነበር ሐኪሙ፣ «ደሟ ሳይሞላ አልነካትም» ብሎ የብረት ኪኒን አዘዘላት።

ከዚያ ወዲያ ለባልየው የምን እንቅልፍ! ከሱቁ ጎን የሚሠራው ቀለም ቀቢ፣ «ሻይ እኮ መድኃኒት ነው፤ ስንቱን በሽታ ያባርራል መሰለህ» ሲለው ጊዜ ዓይኑን ሳያሽ አመነ። አናጢ ነዋ! እንጨት ቀለም የሚጠጣው ሲቆይበት ነው፤ ኮላም የሚጠነክረው እንጨቱ ሞርሳ ውስጥ ተጠብቆ ሲያድር ነው። ሻይም እንደዚያው መስሎት ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን በእፍኙ እየጨመረ እስኪጠቁር ያንተከትከዋል። ስኳር ይጎዳል ሲባል ሰምቷልና ስኳሩንም ነሳት። ከዚያ ከነኪኒኑ አልጋዋ ድረስ ይዞላት ይሄዳል።

«ዋጪ እንግዲህ፣ እመቤት።»

ኪኒኑን በሻዩ ታወራርድና፣ «እጅህ ይባረክ» ትለዋለች። እሱም ደስ ብሎት ወደ ሥራው ይወጣል።

ደሟ ሲለካ ግን ፈቅ አላለም፤ ቀጠሮው ተገፋ። አናጢው ቅጠል ጨመረ። ደግሞ ሲለካ ጭራሽ ወርዶ ተገኘ። ሴትዮዋ ደረጃ ስትወጣ እያለከለከች መሃል ላይ መቀመጥ ጀመረች። አናጢው ፈራ። ካልሲው የት እንደሚቀመጥ እንኳን ያለሷ የማያውቅ ሰው፣ ቢፈራ አይፈረድበትም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ነርሷ ውጤቱን አየችና መነጽሯን አወለቀች።

«እናቴ፣ ኪኒኑን ይወስዳሉ?»

«አንድ ቀን ሳላጓድል።»

«በምን ነው የሚውጡት?»

«በሻይ!» አለ አናጢው ቀድሞ፣ ደረቱን ነፍቶ። «እኔው ራሴ ነኝ የማፈላላት፣ ጥቁር አድርጌ።»

«ውይ አባቴ! ሻይ እኮ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፤ በጠቆረ ቁጥር ይብስበታል። ኪኒኑን በውሃ ይዋጡት፤ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ደግሞ የተሻለ ነው። ሻይ ተዉ አላልኩም። ጥቅሙን ከፈለጋችሁ ቀለል አድርጋችሁ፣ ከምግቡም ከኪኒኑም ሁለት ሰዓት ያህል አራርቃችሁ ጠጡት።»

በገዛ እጁ! አናጢው ቤት እንደገቡ የጠዋቱን ትራፊ ከማንቆርቆሪያው ቀዳና ቀመሰው፤ እስከዛሬ ቀምሶት አያውቅም። ቶሎ ብሎ ተፋው።

«ይሄን ነው ስትጠጪ የከረምሽው?» አላት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ምነው ታዲያ ዝም አልሽ?»

እሷ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

«ከተጋባን ጀምሮ ተነስተህ ያፈላህልኝ ነገር ይሄ ብቻ ነዋ» አለችው። «መረረኝ ካልኩህ ትተወዋለህ ብዬ ፈራሁ።»