ቅዳሜ የሚደወልበት ቁጥር

የማዳም ሷዚግ እጅ በሎኢዛ ትከሻ ላይ አልፎ መጣና የስልኩን መዝጊያ ተጫነው። መስመሩ ጸጥ አለ።

«ያቺን ቁጥር ከዚህ ቤት አትደውዪም» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ወተት ሳይገነፍል ከእሳት ላይ እንደሚያወርድ ሰው ነበር አነጋገራቸው።

«ማዳም፣ ሰዎቹ አያውቁም እኮ» አለች ሎኢዛ። «ነገ ቅዳሜ ነው። ይደውላሉ። የሚሰሙት የራሱን የጉልቨንን ድምፅ ነው፤ ወደ አሬ ኮረብታ ይልካቸዋል። እኛ እዚህ ስንቀብረው እነሱ ባዶ ሜዳ ላይ ቆመው ሙዚቃ ይጠብቃሉ።»

«ይጠብቁ።»

«የት እንደሚኖሩ አላውቅም። የአብዛኞቹን እውነተኛ ስም እንኳ አላውቅም። ያለን ቁጥሩ ብቻ ነው።»

«ቀብር ጭፈራ አይደለም። ግቢ ውስጥ ያላችሁት ትበቃላችሁ።»

ማዳም ሷዚግ የጥቁር ሹራባቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉና ልጃቸው ወደተኛበት ክፍል ተመለሱ።

ጉልቨን በልጅነቱ አልጋ ላይ ነበር። እግሩ የአልጋውን ጫፍ ሊያልፍ ምንም አልቀረው። ጸጉሩን እናቱ አበጥረውለታል፤ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን እንኳ ባልከፈለው በኩል ከፍለውታል። ከራስጌው በተቀመጠው የጠበል ሳህን ውስጥ አንዲት ለምለም ቅርንጫፍ ተነክራለች። የሚገባው ጎረቤት ሁሉ በቅርንጫፏ ይረጨዋል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ማብሰያ ቤቱ ይሻገራል።

ረቡዕ ጠዋት ነበር የቅዳሜውን መልእክት የቀዳው። ከሰዓት በኋላ ትልልቆቹን የድምፅ ሳጥኖች ከካሚዮን ሲያወርዱ «አንዴ ልረፍ» አለና አንዱ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ። ሎኢዛ ሽቦ እየጠቀለለች ነበር። ጠቅልላ ስትጨርስ ጠራችው። ልቡ እንደ አባቱ ልብ ነበር፤ ሳያስጠነቅቅ የሚቆም።

ቁጥሩ ለእነሱ መንደርም ቤተ ዘመድም ነበር። ያለ ፈቃድ በየሜዳው የሚያደርጉት ጭፈራ ቦታው በወረቀት አይለጠፍም፣ በሬዲዮ አይነገርም። የሚያውቅ ሰው ይደውላል፤ የጉልቨን ድምፅ መንገዱን ይነግረዋል። ስልኩን የሚመልሰው ማሽን የሚይዘው አንድ መልእክት ብቻ ነው። አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይጠፋል።

ሎኢዛ ወደ ግቢው ወጣች። ማሎ፣ ካሚዮኑን የሚነዳው፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ ለውሻው ዳቦ ይቆርሳል።

«እምቢ አሉ» አለችው።

«አደባባዩ ላይ የሕዝብ ስልክ አለ። ሄደሽ ቀይሪውና ተገላገይ።»

«ከእናቱ ጀርባ? ቤታቸው ሬሳ ተኝቶ?»

«እኛ ደግሞ መቼ ነው አስፈቅደን የምናውቀው?»

«እንግዲያው አንተ ቀይረዋ። ሚስጥር ቁጥሩን ታውቀው የለ።»

ማሎ የውሻውን ጆሮ ያሻሽ ጀመር።  ሎኢዛም ወደ ቤቱ ዞረች። እናትየው ባይከለክሏትም ድምፁን የሚያጠፋውን ቁልፍ መጫን ይቻላት እንደሆን እርግጠኛ አልነበረችም።

ማብሰያ ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ ቡናቸውን በጎድጓዳ ሳህን ይዘው የቅቤ ኬክ ይቆርሳሉ።

«ይቺ ናት እንዴ የሱ ወዳጅ?»

«ግማሽ ራሷን የተላጨችው?»

«ተላጭታስ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሳህን ያጠበችው ማን ሆነና? ያንቺ ምራት እስካሁን አንድ ማንኪያ አልነካችም።»

ሎኢዛ እንዳልሰማች ሆና እጅጌዋን ሰበሰበች። በዚህ መሀል ጎረቤቱ ገበሬ ሙሴ ዦብ ቦት ጫማቸውን ደጅ አውልቀው በካልሲ ገቡ። ማሎም ለቡና ከኋላቸው ተከተለ።

«አንተ ጎረምሳ» አሉት ዘወር ብለው፣ «መኪኖቻችሁን ሁሉ አፍንጫቸውን ወደ መንገዱ አድርጋችሁ ነው ያቆማችሁት። ከማን ልታመልጡ ነው? ከቄሱ?»

ማሎ ፊቱ ቀላ። «ልማድ ሆኖብን ነው፣ ሙሴ።»

«የሬሳው መኪና በየት ይግባ? በጣራ?»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ሌላዋ። በዚያ ቤት ከረቡዕ ወዲህ ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ማዳም ሷዚግ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አልሳቁም፤ ግን አልተቆጡም። ለዦብ ወንበር ሳቡላቸው።

«ሷዚግ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ ዦብ ሲቀመጡ። «ባለፈው መኸር ልጅሽ ታችኛው መስኬ ላይ ጨፍሮ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ግን ጠዋት ነው ያወቅሁት። ላሞች ላወጣ ስሄድ የጎማ ዱካ አየሁ። ትራክተሬን አስነስቼ፣ አባቴ ያስተማረኝን ስድብ ሁሉ አዘጋጅቼ ወረድኩ። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው፣ አጎንብሰው፣ መስኩን ከዳር እስከ ዳር የሲጋራ ቁራጭ ይለቅማሉ። ጉልቨን መጨረሻው ላይ ነበር፤ ጆንያውን ተሸክሞ። አየኝና ‹ሙሴ ዦብ፣ እዚያ ጋ ያለችው ጠርሙስ የእኛ አይደለችም፤ ግን ወስደናታል› አለኝ። ስድቤን እንደተሸከምኩ ተመለስኩ።»

«ድምፁስ?» አለች አንዷ ሴት። «ቤትህ እኮ እዚያው አፍንጫው ሥር ነው።»

«እሱ ነው የገረመኝ። ምንም አልሰማሁም። ደንቁሬያለሁ ብዬ ሐኪም ጋ ሄድኩ።»

ሎኢዛ እጇን በጨርቅ አደረቀች። መናገር አላሰበችም ነበር።

«አልደነቆሩም» አለች። «ጉልቨን ድምፁን ያዞረዋል። ሳጥኖቹን እንደ ግድግዳ ከደረደርን በኋላ ጣቱን በምራቁ አርሶ ነፋሱን ያያል። ከዚያ የግድግዳውን ጀርባ ወደ መንደሩ፣ ፊቱን ወደ ጫካው ያዞራል። ሌሎቹ ድምፃችን የት ድረስ ተሰማ ብለው ይፎካከራሉ፤ እሱ የሚኮራው የት ጋ እንዳልተሰማ ነው።»

ያን የመኸር ቀን አመሻሹ ላይ የሆነው ትዝ አላት። ጄኔሬተሩ ተነስቷል፣ ማሎ ሙዚቃውን ሊጀምር ቸኩሏል። ጉልቨን ግን እጇን ይዞ «ሩጪልኝ» አላት። «ከዳገቱ በላይ፣ ሰማያዊ መዝጊያ ያለው መስኮት አለ። ለሙከራ እንከፍተዋለን፤ ከሥሩ ቆመሽ አድምጪ። ከሰማሽ ባትሪሽን አብሪልኝ።» ሮጠች። ከመስኮቱ ሥር ቆማ የገዛ ልቧን ምት ከሙዚቃው መለየት አቃታትና አበራች። ግድግዳውን አዞሩት። አሁንም አበራች። እንደገና አዞሩት። ማሎ ታች ሆኖ ይራገም እንደነበር በኋላ ነገሯት። በመጨረሻ የቀረው የቅጠል ድምፅ ብቻ ሆነ። ስትመለስ ማን ቤት እንደሆነ ጠየቀችው። «የእናቴ» አላት። «ከነቃች ዛሬ ጭፈራ የለም።»

ይህን ለማዳም ሷዚግ ነገረቻቸው፤ ሁሉም ሰው እየሰማ። እሷና ጉልቨን አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ እናቱን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም ነበር። የምታውቀው ኩርፊያውን ብቻ ነው፤ ፖሊሶቹ ዣንዳርሞች እሱን ፍለጋ እዚህ ግቢ መግባታቸውን፣ ስሙ ጋዜጣ ላይ መውጣቱን፣ «ያን ጩኸት ሳትተው ደጄን እንዳትረግጥ» መባሉን።

ማዳም ሷዚግ የቡናውን ማንቆርቆሪያ አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ነቅቼ ነበር» አሉ።

«ምን?»

«ያን ምሽት። መስኮቱን ከፍቼ፣ ብርድ ልብስ ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ይሰማኛል ብዬ። ምንም የለም፤ ቅጠል ብቻ።»

«እዚያ መሆናችንን በምን አወቁ?»

«ነገረኝ።»

«ጉልቨን? አትነጋገሩም ነበር እኮ።»

«እሱ አያውቅም መንገሩን» አሉ ማዳም ሷዚግ፣ ተነስተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ሎኢዛ ተከተለቻቸው። ስልኩ አጠገብ ያለችው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የወንበሯ ጨርቅ መሀሉ ላይ ሳስቷል።

«ቁጥሩን ለእናንተ ሰው ብቻ ነው የሰጣችሁት መሰለሽ? የዣንዳርሙ አዛዥ ነው የሰጠኝ። ‹ይስሙትና ይፈሩ› ብሎ። ቅዳሜ ቅዳሜ እደውላለሁ። ሁለት ጊዜ የደወልኩበትም ቀን አለ። የት እንደሚሄድ፣ በየትኛው መንገድ፣ ሁሉንም ይነግረኛል። ድምፁ ከጎረነነ ጉንፋን ይዞታል እላለሁ።»

ሎኢዛ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ለዚህ ነው የዘጉብኝ።»

«ትላንት ደወልኩለት፤ ተናገረ። ዛሬም። አንቺ ስትቀይሪው ግን...»

«ካሴት ላይ ቀድተነዋል እኮ። ማሎ ያመጣልዎታል።»

«ካሴቱ የተናገረውን ይደግማል፤ እሱን አስቀምጡልኝ። እዚህ ግን ስደውል ያነሳል።»

ሎኢዛም ከረቡዕ ጀምሮ የሸሸችው ይህንኑ ነበር።  ማብሰያ ቤቱ ውስጥ ዦብ ማሎን ስለ ካሚዮኑ ፍሬን እያዋከቡት ነበር።

«የሚደውሉት ብዙ ናቸው?» አሉ ማዳም ሷዚግ።

«ብዙ ናቸው። ከሬን ከተማም፣ ከናንት ከተማም ይመጣሉ። ወደውታል።»

«ኮረብታው ላይ ደግሞ መጠለያ የለም።» ተነፈሱ። «ደውይ።»

ሎኢዛ ሚስጥር ቁጥሩን መታች። መቅጃው ሲጮህ ጀመረች። «ሰላም፣ ሎኢዛ ነኝ፤ ጉልቨን...» ከዚያ አልሄደላትም። ዘጋችው። ደግማ መታች። «ሰላም። ቅዳሜ ወደ ኮረብታው አትሂዱ...»

«አየሩን አልተናገርሽም» አሉ ማዳም ሷዚግ።

«እ?»

«መጀመሪያ አየሩን ነው የሚናገረው። ቀጥሎ ሹራብ ያዙ ይላል። ከዚያ ነው መንገዱ። ‹ሹራብ ያዙ› የሚለው ደግሞ የእኔ ነው፤ ከእኔ ነው የወሰደው። ስልኩን አምጪው።»

ማሎ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። «ማዳም፣ ዣንዳርሞቹም እኮ ይህን ቁጥር ይደውላሉ።»

«ይምጡ። ቡና አለ። አንተ መኪኖቹን አዙር።» ትንሽ አሰቡ። «ዦብን ጠይቀው፤ መስኩን ይሰጠናል። ሳጥኖቹንም አምጣቸው።»

«ጀርባቸውን ወደ መንደሩ አደርጋለሁ፣ አይስጉ።»

«ፊታቸውን» አሉ ማዳም ሷዚግ። «ፊታቸውን ወደ እኔ ቤት።»

ሎኢዛ ቁጥሩን ደግማ መታችላቸው፤ መቅጃው ጮኸ። ማዳም ሷዚግ ጀርባቸውን አቀኑ።

«የጉልቨን እናት ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጭጋግ ይሆናል፣ ከሰዓት ይገለጣል። ሹራብ ያዙ። ጉልቨን ረቡዕ ዕለት ሞቷል። ወደ አሬ አትሂዱ፤ ወደ እኔ ኑ። ትልቁን መንገድ ይዛችሁ ከወተት ፋብሪካው አልፋችሁ ወደ ግራ ታጠፉ። የድንጋይ መስቀል ካያችሁ አልፋችሁናል ማለት ነው፤ ተመለሱ። ቀብሩ ከምሳ በኋላ ነው። ከዚያ ታችኛው መስክ እንወርዳለን። የምትበሉት አይጠፋም። ስትሄዱ መስኩን እንዳገኛችሁት ተዉት። ያው... ታውቁታላችሁ።»

የማሽኗ ሴት ድምፅ መጣ፤ የቀድሞውን መልእክት ለመስማት አንድን፣ አጥፍቶ በአዲሱ ለመተካት ሁለትን ይጫኑ አለች።

ማዳም ሷዚግ አንድን ተጫኑ። ሎኢዛ ከወለሉ ተነስታ ጆሮዋን ወደ ጆሮአቸው አስጠጋች። ጉልቨን ነፋሱ ከምዕራብ ነው አለ፤ ሹራብ ያዙ አለ፤ መንገዱን እስከ መጨረሻው መራቸው። ሴትየዋ እንደገና ጠየቀች።

ማዳም ሷዚግ የሎኢዛን ጣት ያዙ፣ ሁለት ቁጥር ላይ አሳረፉት፣ የራሳቸውን ጣት ከላዩ ደረቡና ተጫኑ።